በቤት የተሠራ ባለቫልቭ የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር ለምን ያጉረመርማል?

አንድ አምፕሊፋየር ሙዚቃ ሳይሰጠው የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ ረብሻ ነው። ረብሻው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ «እምም» የሚል ጉምጉምታ አለ። ጠርሙስ ውስጥ እንደታፈነች ንብ «ዝዝ» የሚል ዝዝታ አለ። ዝናብ በሩቁ በቅጠል ላይ ሲወርድ የሚመስል ሽሽታ፣ እሳት ውስጥ እንደገባ እርጥብ እንጨት የሚንጣጣ ጭርጭርታ፣ ጣት ሲነካው እንደ ደወል የሚያቃጭል ድምፅም አለ። እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ በራሱ ጠባይ ይናገራል። ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት መሥራት ያለበት ጆሮ የሆነው ለዚህ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚዘል ሠሪ ቫልቭ በቫልቭ ሲለውጥ ገንዘቡን ይጨርስና ረብሻው እንዳለ ይቀራል፤ ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው ቫልቩ ውስጥ ሳይሆን በሽቦው አካሄድና በግራውንዱ ላይ ነውና።

ቫልቭ በድሮ ራዲዮ ጀርባ በኩል ቀላ ብሎ ሲበራ የሚታየው የብርጭቆ ዕቃ ነው። ውስጡ አየር የለውም። ፍላመንቱ ካቶድ የተባለውን ክፍል ያግላል፤ ከጋለው ካቶድ የሚነሡ ኤሌክትሮኖች ከ100 እስከ 300 ቮልት ወደተሰጠው አኖድ ይሮጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግሪድ ደግሞ እንደ ቦይ በር ፍሰቱን ያጠብባል፣ ያሰፋል። በግሪዱ ላይ የሚደርስ በጣም ትንሽ ለውጥ በአኖዱ ላይ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። የአምፕሊፋየር ጥበብ ይኸው ነው፤ የረብሻውም ምንጭ ከዚሁ ይነሣል፤ ግሪዱ የዘፋኙን ድምፅ ከጎረቤት ኮረንቲ ለይቶ አያውቅምና። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በባለ 100 ኪሎ ዋት ማሰራጫዎቹ ድምፁን ሲልክ በብዙ ቤት የሚያዳምጡት እንዲህ ባለ ቫልቭ በሚሠራ ራዲዮ ነበር። ዛሬ ቫልቭ ከዕለት ኑሮ ወጥቷል፤ ሆኖም አሁንም አምፕሊፋየር በእጃቸው የሚሠሩበት ሰዎች አሉ። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሠሪ ዕቃውን ከሩቅ ማምጣት የለበትም፦ ያረጀ ራዲዮና ትራንስፎርመር ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል፣ ሣጥኑም ከላሜራ ተቆርጦ በሠፈር ብየዳ ቤት ይታጠፋል።

ከሁሉ በፊት ግን የሕይወት ጉዳይ አለ። ባለቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰው ይገድላል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኃይሉን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ በዋናው ካፓሲተር ሁለት ጫፎች ላይ 100 ኪሎ ኦም አካባቢ የሆነና ቮልቴጁን የሚችል ሬዚስተር በቋሚነት ይበየዳል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ኃይሉ በእሱ በኩል ይፈስሳል። እጅ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ቮልቴጁ ከ10 በታች መውረዱ በቴስተር ይረጋገጣል። ማሽኑ እየሠራ መለካት የግድ ሲሆን በአንድ እጅ ብቻ ይለካል፤ ሌላው እጅ ከጀርባ ይሆናል። ለፍተሻ የሚውለው የጆሮ ማዳመጫ ርካሽ መሆን አለበት፤ ጆሮ ላይ ከመደረጉ በፊትም በመሰኪያው ላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ አለመኖሩ ይለካል። ቫልቮቹ እስኪሞቁ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅም ከሚነሣው «ዷ» ጆሮንም ማዳመጫንም ያድናል።

ብዙ ሠሪዎችን የሚያስገርመው ለድምፅ ማጉያ ሲሠራ ዝም ይል የነበረ አምፕሊፋየር ጆሮ ላይ ሲደረግ ማጉረምረሙ ነው። ምክንያቱ በቁጥር ግልጽ ይሆናል። የተለመደ ባለ 32 ኦም የጆሮ ማዳመጫ 1 ሚሊ ዋት ሲያገኝ 100 ዴሲቤል ያሰማል እንበል። ለዚህ የሚበቃው 0.18 ቮልት ብቻ ነው። በመውጫው ላይ 1 ሚሊ ቮልት ረብሻ ቢኖር ጆሮ የሚያገኘው 55 ዴሲቤል ያህል ይሆናል፤ ይህም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከሚደረግ ወሬ ብዙም አይርቅም። ያው 1 ሚሊ ቮልት በ1 ዋት 90 ዴሲቤል ለሚሰጥ ባለ 8 ኦም ድምፅ ማጉያ ቢሰጥ ግን በአንድ ሜትር ርቀት 21 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በዚህ መጠን ጆሮ 50 ሄርዝን ፈጽሞ አይሰማም። ስለዚህ ለጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ ሰው የሚታገለው ከሚሊ ቮልት ጋር ሳይሆን በሺህ ከተከፈለ ሚሊ ቮልት፣ ማለትም ከማይክሮ ቮልት ጋር ነው። ባለ 300 ኦም ማዳመጫ ለተመሳሳይ ድምፅ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ ረብሻውን ይቅር ይላል። የጆሮ ማዳመጫ ቀይሮ መሞከርም ራሱ አንድ ፍተሻ ነው።

የኢትዮጵያ ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ከመስመሩ የሚመጣ ጉምጉምታ ሁሉ ወይ 50 ሄርዝ ነው፣ ወይ የ50 ብዜት ነው። ሁለቱን መለየት ግማሽ ምርመራ ነው። በስልክ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ መተግበሪያ ተከፍቶ በመጀመሪያ 50፣ ቀጥሎ 100 ሄርዝ ይደመጥና ከረብሻው ጋር ይወዳደራል። 50 ሄርዝ የሆነው ወደ ፍላመንቱ፣ ወደ ትራንስፎርመሩ መግነጢስ ወይም ግራውንዱ ወዳልተያያዘ ሽቦ ያመለክታል። 100 ሄርዝ የሆነው ደግሞ ኮረንቲው በዳዮዶች ቀጥተኛ ከተደረገ በኋላ የቀረ ሞገድ ነው፤ ሁለቱም የሞገዱ ግማሾች ወደ አንድ ወገን ስለሚታጠፉ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። የበገና ወዳጅ ልዩነቱን ወዲያው ይይዘዋል። በበገና ላይ በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ ቆዳ ነው ለአውታሩ ያንን የሚንዘፈዘፍ ግርማ የሚሰጠው። እንዝራው ቢወጣ የሚቀረው ለስላሳ ድምፅ 50 ሄርዙን ይመስላል፤ እንዝራው ያለበት ደግሞ በላዩ 200፣ 300፣ 400 ሄርዝ የደረበውን የ100 ሄርዝ ዝዝታ ይመስላል። በበገና ላይ ያ ዝዝታ ጸሎት ይሆናል፤ በአምፕሊፋየር ላይ ግን የኃይል ክፍሉ ወይም የግራውንዱ ስህተት ነው።

ቀጥሎ የሚደረገው ቦታውን ማጥበብ ነው። የቮልዩም ቁልፍ ከዜሮ እስከ መጨረሻ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ረብሻው ከቁልፉ ጋር ከጨመረና ከቀነሰ ከቁልፉ በፊት ያለ ነገር ነው፦ ገመዱ፣ ስልኩ፣ ላፕቶፑ ወይም መግቢያው። ቁልፉ ቢዞርም ካልተለወጠ ከቁልፉ በኋላ ነው። ሦስተኛም አለ፦ በዜሮም በመጨረሻም ጸጥ ብሎ በመካከል ላይ ከፍ የሚል። ይህ የሚሆነው የቁልፉ ሬዚስታንስ በመካከል ላይ ለግሪዱ ከሁሉ ስለሚበልጥ ነው፤ ከቁልፉ ወደ ግሪዱ የሚሄደው ሽቦ መረብ ያልለበሰ ወይም በጣም የረዘመ መሆኑን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ማሽኑ ጠፍቶና ኃይሉ ፈስሶ የመጀመሪያው ቫልቭ ግሪድ ከራሱ ግራውንድ ጋር በአጭር ሽቦ ይያያዛል፤ ማሽኑ እንደገና ይከፈታል። ረብሻው ከጠፋ የመጣው ከመግቢያው ወገን ነው። ካልጠፋ እንዲሁ በሁለተኛው ቫልቭ ላይ ይደገማል። እዚያም ካልጠፋ ወደ መውጫውና ወደ ኃይል ክፍሉ ይኬዳል። ያለ ኦሲሎስኮፕ፣ በአንድ ቁራጭ ሽቦ ብቻ ጥፋቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ይከበባል። ቫልቭ እየነቀሉ መፈተሽም ይቻላል፤ ፍላመንቶቹ በተከታታይ ከተያያዙ ግን አንዱ ሲነቀል ሁሉም ስለሚጠፉ ውጤቱ ያሳስታል።

ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ቤቱም መጠየቅ አለበት። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ወይም በሳሪስ ግቢ ውስጥ ያለ ሶኬት ከጎረቤት ምጣድ፣ ከብየዳ ቤት፣ ከቻርጀርና ከዲሽ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው። በሚነዝር ላፕቶፕ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ብዙ ቻርጀሮች ውስጥ ከሁለቱ የኮረንቲ ሽቦዎች ወደ መውጫው ግራውንድ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። አርዝ በሌለበት ሶኬት ላይ የላፕቶፑ አካል የ220ውን ግማሽ፣ 110 ቮልት ያህል ይይዛል። የሚፈስሰው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጣትን ቢነዝር እንጂ አይጎዳም፤ ነገር ግን በድምፅ ገመዱ መረብ በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ ሲፈስስ የተሳለ ዝዝታ ይሆናል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ቻርጀሩ ይነቀልና ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል። ዝዝታው በዚያው ቅጽበት ከተቆረጠ አምፕሊፋየሩ ከጥፋት ነጻ ነው። የዲሽ ሪሲቨር ሲያያዝም እንዲሁ ከዲሹ የሚመጣው ኬብል ተነቅሎ ይሞከራል፤ በሕንፃ ጣራ ላይ ያለ ዲሽ የብዙ ቤቶችን ግራውንድ ያገናኛልና።

ሁለት ማሽኖች ሁለቱም አርዝ ኖሯቸው በድምፅ ገመድ ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በአርዙና በገመዱ መረብ መካከል የተዘጋ ቀለበት ይፈጠርና ጥቂት ኮረንቲ ይዞርበታል፤ ያም 50 ሄርዝ ሆኖ ይሰማል። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ቀለበቱን ያጠብበዋል፤ ብዙውን ጊዜም ይበቃል። አረንጓዴና ቢጫውን የአርዝ ሽቦ ቆርጦ ዝምታ መግዛት ግን በምንም ምክንያት መደረግ የሌለበት ነው። የትራንስፎርመሩ ሽፋን አንድ ቀን ቢላጥ ላሜራው 220 ቮልት ለብሶ ይጠብቃል፤ የጆሮ ማዳመጫው ደግሞ በራስ ላይ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ሣጥኑን ከአርዝ ጋር እንደታሠረ ትቶ የድምፅ ወረዳውን (ሰርኪዩቱን) ግራውንድ ከሣጥኑ ጋር በ10 ኦም ሬዚስተር ማገናኘት፣ ከሬዚስተሩም ጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ሁለት ጠንካራ ዳዮዶችን ማሠር ነው። ትንሹ ኮረንቲ በሬዚስተሩ ይታገዳል፤ አደጋ ቢመጣ ዳዮዶቹ መንገድ ይከፍታሉ። ሶኬቱ ራሱ አርዝ ከሌለው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስገባት ከማንኛውም ውድ ቫልቭ ይቀድማል።

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብቻ የሚመጣ ጉምጉምታም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ በቀጭን መስመር ላይ ያለ ግቢ ቮልቴጁ ይወርዳል። አምፕሊፋየሩ የፍላመንቱን ኮረንቲ በኤልኤም 317 ዓይነት ተቆጣጣሪ ቀጥተኛ አድርጎ የሚሰጥ ከሆነ ተቆጣጣሪው ከመውጫው በላይ ከ2 እስከ 3 ቮልት ትርፍ ይፈልጋል። መስመሩ 220 ሳለ ትርፉ አለ። 190 ሲደርስ የሞገዱ ዝቅተኛ ጫፍ ከሚያስፈልገው በታች ይሆንና 100 ሄርዙ እንዳለ ያልፋል። ሠሪው ቀን ሲፈትሸው ጸጥ ይላል፣ ማታ ያጉረመርማል፤ ቫልቩን ይጠረጥራል፣ ይለውጣል፣ ምንም የለም። መፍትሔው ለተቆጣጣሪው በቂ ትርፍ የሚሰጥ የትራንስፎርመር ጥምጥም ነው። ቴስተሩን በመስመሩ ላይ አድርጎ ረብሻው በተሰማበት ሰዓት የሚነበበውን ቁጥር መጻፍ እዚህ ላይ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል።

አሁን ወደ ሣጥኑ ውስጥ። የ100 ሄርዝ ዝዝታ ሲኖር መጀመሪያ የሚታዩት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ናቸው። ከድሮ ራዲዮ የተፈታ ካፓሲተር ውስጡ ደርቆ መያዝ ያለበትን አይዝም፤ በራዲዮው ታሪክ ቢወደድም ለዚህ ሥራ መዋል የለበትም። ቮልቴጁ ከወረዳው በላይ የሆነ፣ ለምሳሌ 400 ወይም 450 ቮልት የሚችል አዲስ ይገዛል። ስሌቱም ቀላል ነው። ወረዳው 20 ሚሊ አምፔር የሚስብ ቢሆንና የመጀመሪያው ካፓሲተር 100 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን የሚቀረው ሞገድ 2 ቮልት ያህል ነው። ቀጥሎ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ሌላ 100 ማይክሮ ፋራድ ሲገባ ሞገዱ 60 ጊዜ ያህል ይቀንሳል፤ ወደ 32 ሚሊ ቮልት ይወርዳል። ይኸው አንድ ጊዜ ሲደገም ግማሽ ሚሊ ቮልት ይሆናል። የሚከፈለው ዋጋ በእያንዳንዱ ሬዚስተር ላይ የሚጠፋው 20 ቮልት ብቻ ነው።

ካፓሲተሩ ሁሉ አዲስ ሆኖም ዝዝታው የማይጠፋበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ በቤት በተሠሩ አምፕሊፋየሮች ላይ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነውና። ዳዮዶቹ የመጀመሪያውን ካፓሲተር የሚሞሉት በእርጋታ አይደለም። በየሞገዱ ጫፍ ላይ ለአጭር ጊዜ በኃይል ይገፋሉ፤ ወረዳው በአማካይ 20 ሚሊ አምፔር ሲስብ ግፊቱ ከ100 እስከ 150 ሚሊ አምፔር ይደርሳል። ውፍረቱ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ከ3 ሚሊ ኦም ትንሽ የሚበልጥ ሬዚስታንስ አለው። ያ ግፊት በዚህ ሽቦ ሲያልፍ በሁለቱ ጫፎች መካከል ግማሽ ሚሊ ቮልት ያህል ይፈጠራል። የመግቢያው ቫልቭ ግራውንድ በዚያው ሽቦ ላይ ከተበየደ ያ ግማሽ ሚሊ ቮልት እንደ ሙዚቃ ይቆጠርና በ10 ተባዝቶ 5 ሚሊ ቮልት ሆኖ ይወጣል። ከላይ በተቆጠረው ማዳመጫ ይህ 69 ዴሲቤል ያህል ነው። እናም የዳዮዶቹ ወይም የትራንስፎርመሩ መመለሻ ሽቦ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ካፓሲተር አሉታዊ ጫፍ ብቻ ይሄዳል፤ ሌላ ምንም ነገር በዚያ ሽቦ ላይ አይበየድም። ከካፓሲተሩ ጫፍ ሌላ ሽቦ ይነሣና የድምፁ ወረዳ ግራውንዶች በቅደም ተከተል፣ መውጫው ቀድሞ መግቢያው መጨረሻ ሆኖ፣ ይያያዙበታል። ከሣጥኑ ጋርም የሚገናኙት በአንድ ቦታ ብቻ፣ በመግቢያው መሰኪያ አጠገብ ይሆናል። የመግቢያው መሰኪያ ራሱ ከላሜራው በፕላስቲክ ቀለበት መለየት አለበት፤ ካልተለየ ሳይታሰብ ሁለተኛ መገናኛ ይፈጠራል።

50 ሄርዝ ሆኖ ቮልዩም ሲዞር የማይለወጠው ጉምጉምታ ወደ ፍላመንቱ ይመራል። የአውሮፓ ቫልቮች ስም ሲነበብ የመጀመሪያው ፊደል ኢ ከሆነ ፍላመንቱ 6.3 ቮልት ነው፤ ኢሲሲ 82 እና ኢሲሲ 88 እንዲሁ ናቸው። ይህ 6.3 ቮልት ተመላላሽ ሲሆን ሁለቱ ሽቦዎች እንደ ፈትል ተጠማዘው፣ የላሜራውን ማዕዘን ተከትለው፣ ከግሪዱ ርቀው ይሄዳሉ። ከየሽቦው ወደ ግራውንድ አንዳንድ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ሲያያዝ የፍላመንቱ መካከል በግራውንድ ላይ ይቆማል፤ ወደ ግሪዱ የሚደርሰው ከሁለት ወገን እኩልና ተቃራኒ ስለሚሆን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ብዙ አምፕሊፋየር በዚህ ብቻ ዝም ይላል። ካላለ መካከሉ ከግራውንድ ይልቅ 30 ወይም 40 ቮልት ወዳለው ነጥብ ይሰቀላል፤ ያኔ ከፍላመንቱ ወደ ካቶዱ የሚፈስሰው ኤሌክትሮን መንገዱ ይዘጋበታል። ይህም ካልረዳና በአንደኛው ጆሮ ብቻ ከተሰማ ሁለቱ ቫልቮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ጉምጉምታው አብሮ ወደ ሌላኛው ጆሮ ከሄደ ጥፋቱ በእርግጥም የቫልቩ ነው፤ ቫልቭ መግዛት የሚገባውም ያኔ ነው።

የትራንስፎርመሩ መግነጢስ ሽቦ ሳይነካ ይሻገራል። የመውጫ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ከሆነ ሁለቱ ትራንስፎርመሮች ከመታሠራቸው በፊት የጆሮ ማዳመጫው በመውጫው ትራንስፎርመር ላይ ብቻ ይሰካና የኃይል ትራንስፎርመሩ ብቻውን ኮረንቲ ያገኛል። ከዚያ አንዱ በጠረጴዛ ላይ ቀስ እየተባለ ይዞራል፤ ጉምጉምታው እየደከመ ሄዶ በአንድ አቅጣጫ ላይ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ብሎኑ የሚታሠረው በዚያ አቅጣጫ ነው። ላሜራ ብረት ስለሆነ መግነጢስን ከዳር እስከ ዳር ይሸከማል፤ አሉሚኒየም ግን እንዲህ አያደርግም፤ ስለዚህ ላሜራ ላይ ትራንስፎርመሩ በጎማ ወይም በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ከፍ ብሎ ቢታሠር ይሻላል። ከአሜሪካ የመጣ፣ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ደግሞ የተለየ ጣጣ አለው። በማውረጃ ቮልቴጁን ወደ 120 ዝቅ ቢያደርጉለትም ድግግሞሹ 50 ሆኖ ይቀራል፤ በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ብረቱ ይጠግባል፣ ይግላል፣ በጆሮ ሳይሆን በጠረጴዛው ላይ ያጉረመርማል፣ መስኩንም ወደ ውጭ ይረጫል። ለዚህ ሽቦ ማስተካከል አይበቃም፤ ለ50 ሄርዝ በተሠራ መለወጥ ነው።

ጭርጭርታ አብዛኛውን ጊዜ የመገናኛ ችግር ነው። ማሽኑ እየሠራ ቫልቮቹ፣ ሬዚስተሮቹና የብየዳ ነጥቦቹ አንድ በአንድ በደረቅ የእንጨት ስንጥር ይነካካሉ፤ የሚንጣጣው ቦታ ራሱን ያሳያል። በደንብ ያልቀለጠ ብየዳ ማንጸባረቅ የነበረበት ፊቱ ግራጫና ሸካራ ሆኖ ይታያል፤ እንደገና ይቀልጣል። የቫልቭ እግሮች በአልኮል ይጠረጋሉ፤ በበጋ ወቅት አቧራ ለሚበዛበት ሠፈር ይህ የዓመት ሥራ ነው። ቮልዩም ሲዞር ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ ቁልፉን ከመለወጥ በፊት በጫፎቹ ላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ መኖሩ ይለካ። ጥቂት መቶ ሚሊ ቮልት ከተገኘ ጥፋተኛው ሙዚቃውን የሚያሳልፈውና ቀጥተኛውን መግታት የነበረበት ካፓሲተር ነው፤ ማፍሰስ ጀምሯል።

የሚያቃጭል ቫልቭ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ሲንቀጠቀጡ ያንን እንቅስቃሴ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ነው። ከቀለበት መንገዱ ዳር ባለ ቤት ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር «ዉዉ» ይላል። ለስላሳ የጎማ ቀለበት በአንገቱ ላይ ይረዳል፤ የቫልቩን ሶኬት በጎማ ላይ ማሠር የበለጠ ይረዳል። በጣም የሚያቃጭለው ወደ መውጫው ክፍል ይዛወራል፤ ጸጥተኛው መግቢያ ላይ ይቀመጣል።

ንፋስ ስልክ ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን ስልክ የሚያስታውስ ስም ነው፤ አየሩም ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የተጨናነቀ ነው። ስልክ ሊጠራ ሲል በታክሲ ራዲዮ ውስጥ የሚሰማውን «ትር-ትር-ትር» የማያውቅ የለም። የ2ጂ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ በቁራጭ በቁራጭ ስለሚልክ ነው። የቫልቭ ግሪድም ያንን ይይዛል፤ አልፎ አልፎም የራዲዮ ጣቢያ ንግግር በቀጭኑ ይሰማበታል። 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በራሱ በግሪዱ እግር ላይ፣ ጫፉ እስከሚቻለው አጥሮ ሲበየድ ይህን ይዘጋል። እንደ ኢሲሲ 88 ያለ ፈጣን ቫልቭ በራሱ ተነሥቶ ከመስማት በላይ በሆነ ድግግሞሽ እንዳይርገበገብም ያግደዋል። እጅ ወደ ሣጥኑ ሲቀርብ ረብሻው የሚለወጥ ከሆነ ይህ መርገብገብ እንደተፈጠረ ይጠረጠራል። በቤት ውስጥ የትኛው ቻርጀር ወይም ኤልኢዲ መብራት አየሩን እንደሚበጠብጥ ለማወቅ ደግሞ አንዲት የኪስ ራዲዮ ትበቃለች፦ በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ተደርጋ ወደየዕቃው ስትጠጋ በጥፋተኛው አጠገብ ትጮኻለች።

የቀረው ሽሽታው ነው። ጉምጉምታው ጠፍቶ፣ ጭርጭርታው ጠፍቶ፣ ቮልዩም እስከ መጨረሻ ተከፍቶ የሚሰማ ለስላሳ ሽሽታ ካለ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ጭማሪው ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑ ነው፦ ለጆሮ ማዳመጫ 10 እጥፍ በብዙ ሁኔታ ይተርፋል፤ ለመግቢያ ኢሲሲ 83 ተመርጦ ከሆነ በኢሲሲ 82 መተካት ሽሽታውን ከሙዚቃው ጋር ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው በአኖዱ ላይ ያለው ሬዚስተር የድሮ ካርቦን መሆኑ ነው፤ የብረት ፊልም ያለው ጸጥ ይላል። ከዚያ ያለፈው የሬዚስተሩ ሙቀት ራሱ የሚፈጥረው ድምፅ ነው። ጆንሰንና ናይኲስት በ1928 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት በማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ይርመሰመሳሉ፤ 100 ኪሎ ኦም የሆነ ቮልዩም በመካከል ላይ ሲቆም በክፍል ሙቀት ወደ 3 ማይክሮ ቮልት ያህል ከራሱ ያመነጫል። 50 ኪሎ ኦም የሆነ ቁልፍ ይህን ወደ 2 ማይክሮ ቮልት ያወርደዋል። ከዚህ በታች የሚወርድ ዝምታ በክፍል ሙቀት ውስጥ በመካከል ላይ ከቆመ ባለ 50 ኪሎ ኦም ቁልፍ አይገኝም።